በከፋ አገር የመንደር ጤና ጥበቃ ታሪክና የሥራው መመዘኛ

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይላል የአገራችን ተረት። ይህ ቃል ለአንድ ሰው ብቻ የተነገረ ይመስላል፤ ነገር ግን ለአገርም ይኾናል። ሰው በሽታውን በልብሱ ሸፍኖ ይሸሽጋል፤ አገር ግን በሽታዋን በቁጥር ሸፍና ትሸሽጋለች። ከመቶ ሰው ሰማንያው መድኃኒት አገኘ ተብሎ ሲጻፍ፥ አንባቢ ኹሉ በሰማንያው ደስ ይለዋል፤ የቀሩት ሃያ እነማን እንደ ኾኑ፥ በምን ሰፈር እንደሚኖሩ፥ ስለ ምንስ እንደ ቀሩ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እነዚያ ሃያ ሰዎች በየቤቱ ተበታትነው የሚገኙ ቢኾኑ ነገሩ ይቀላል። የአንድ መንደር ሰዎች፥ የአንድ ወገን ልጆች የኾኑ እንደ ኾነ ግን፥ ያ ደስ ያሰኘ ቁጥር የክስ ጽሑፍ ይኾናል።

በከፋ አገር የሕዝቡን ጤና ለመጠበቅ የተደረገው ድካም ከመቶ ስድሳ ዓመት የሚበልጥ ታሪክ አለው። በዚህም ረዥም ዘመን ውስጥ መድኃኒቱ ተለዋውጧል፤ መድኃኒቱን የሚያመጣው ሰውም ተለዋውጧል። ሥራው ተሳካ ወይስ አልተሳካም የሚባልበት ሚዛን ደግሞ ከሥራው ጋራ አብሮ ሲለወጥ ኖሯል። የሚዛኑ ታሪክ ከመድኃኒቱ ታሪክ ያነሰ ትምህርት የለውም።

ከፋ ከጎጀብ ወንዝ ወደ ደቡብ የሚገኝ፥ ደን የለበሰ፥ ዝናም የሚበዛበት ተራራማ አገር ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ የዞኑ ሕዝብ ከ870 ሺህ በላይ ነበረ፤ ከዚህም ኹሉ ውስጥ በከተማ የሚቀመጠው ከመቶ ዐሥር እንኳ አይሞላም ነበረ። ዋና ከተማው ቦንጋ በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲቋቋም ከክልሉ ዋና ከተሞች አንዱ ኾኗል። እንግዲህ ስለ ከፋ ጤና መናገር ማለት ስለ ገጠር፥ ስለ ሩቅ መንገድ፥ ስለ ደን ዳር ቤት መናገር ማለት ነው።

ይህ አገር እስከ 1890 ዓ.ም. ድረስ የራሱ ንጉሥ ነበረው። ንጉሡ ታቶ ይባላል፤ ሚክረቾ የሚባሉ ሰባት አማካሪዎችም ነበሩት። መንግሥቱ በጥልቅ ጉድጓድና በአጥር የተከበበ ስለ ነበረ፥ እንግዳ የሚገባው በታወቁት በሮች ብቻ ነበረ። እነዚህንም በሮች ይጠብቁ ከነበሩት ዋነኞቹ ማንጆ የሚባሉት ወገኖች ናቸው። ማንጆዎች በደን ዳር የሚኖሩ አዳኞች ነበሩ፤ የጉሬዛና የከርከሮ ሥጋ ይበላሉ ተብለው ከሌላው ሕዝብ ተለይተው ይታዩ ነበረ። ሌላው ሰው ከእነርሱ ጋራ አይጋባም፤ ከገበታቸው አይቀርብም፤ ወደ ቤቱም አያስገባቸውም። የመንግሥቱን በር የሚጠብቀው ሰው ከባልንጀራው ቤት በር ውጭ ቆሞ ይቀር ነበረ ማለት ነው። ይህ ልማድ ዛሬ ቢቀንስም ፈጽሞ አልጠፋም፤ ስለ ጤናም በሚነገረው ነገር ውስጥ ቦታው ትልቅ ስለ ኾነ ከመጀመሪያው ልብ ሊባል ይገባል።

ወደ ከፋ የሕክምና ጥበብ ይዘው ከገቡት የውጭ አገር ሰዎች ስሙ ከፍ ብሎ የሚነሣው ጉልየልሞ ማሳያ፥ በአገራችን አጠራር አቡነ ማስያስ ነው። ይህ ሰው በ1852 ዓ.ም. ከፋ ገብቶ ኹለት ዓመት ያህል ከተቀመጠ በኋላ ከአገሩ እንዲወጣ ተደረገ። በሕዝብ ዘንድ እንዲታወቅ ካደረጉት ነገሮች አንዱ የፈንጣጣ ክትባት ነበረ፤ ስለዚህም በዚያ በምዕራብና በደቡብ አገር የፈንጣጣ አባት እያሉ ይጠሩት ነበረ። እንግሊዛዊው ሐኪም ኤድዋርድ ጄነር የላም ፈንጣጣን ለክትባት ያዋለው በፈረንጆች 1796 ዓመት ነውና፥ ጥበቡ ወደ ከፋ ተራራ ለመድረስ ስድሳ ዓመት ያህል ወስዶበታል። ኢትዮጵያውያን ግን ከዚያ አስቀድሞ የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው፤ ከታመመው ሰው ቍስል ፈሳሽ ወስደው የጤነኛውን ቆዳ እየጫሩ ያስገቡበት ነበረ። ይህ የጥንት ዘዴ ብዙ ሰው ያድን ነበረ፤ ነገር ግን በሽታውን ራሱን የሚሰጥ ስለ ኾነ፥ አንዳንድ ጊዜ ለጎረቤት ወረርሽኝ ያመጣ ነበረ።

በዚያ ዘመን የመንደሩን ሰው ኹሉ በስሙ የያዘ መዝገብ በከፋ አልነበረም። ወደ ከታቢው የመጣው ሰው ይቈጠራል፤ ያልመጣውን ግን የሚቈጥረው የለም። ሐኪሙም ተቀምጦ ሕዝቡ ወደ እርሱ ሲመጣ፥ አስቀድሞ የሚመጣው ጉልበት ያለው፥ ወሬ የሰማ፥ በአደባባይ መቆም የማያሳፍረው ሰው ነው። ይህ የመጀመሪያው ሚዛን ነው፤ የሰጡትን መቍጠር ይባላል።

በ1890 ዓ.ም. ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ከፋን ሲይዙ፥ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ተማረከ። በጦርነቱ፥ ከዚያም በኋላ በተከተለው የባሪያ ንግድና በበሽታው ብዙ ሕዝብ አለቀ፤ ከአገሩም ወጣ። እርሻ የነበረው ብዙ ስፍራ ዳግመኛ ደን ኾነ። የሕዝብ ጤና ከሰላምና ከፍርድ ተለይቶ የማይቆም መኾኑን የሚያስረዳ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

በአዲስ አበባ የመጀመሪያዎቹ ሆስፒታሎች ከዐድዋ ጦርነት በኋላ ቢከፈቱም፥ ለገጠሩ ሕዝብ የሚያስብ ሥርዓት የተዘረጋው ዘግይቶ ነው። የሕዝብ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የቆመው በ1940 ዓ.ም. ነው። በ1947 ዓ.ም. ደግሞ በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ የጤና መኰንኖችን፥ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የንጽሕና ጠባቂዎችን በአንድነት ማስተማር ዠመረ። አሳቡም እነዚህ ሦስቱ በቡድን ኾነው በየአውራጃው ጤና ጣቢያ እንዲሠሩና አንዱ ጤና ጣቢያ ለ50 ሺህ ሰው እንዲያገለግል ነበረ። ይህ ለዘመኑ መልካም አሳብ ነው። ነገር ግን በከፋ ተራራ ላይ 50 ሺህ ሰው የሚይዘው ምድር እጅግ ሰፊ ነው፤ ጤና ጣቢያው ባለበት ከተማ ያለው ሰው በእግሩ በጥቂት ጊዜ ይደርሳል፥ ከደን ማዶ ያለው ግን በሽተኛውን በቃሬዛ ይዞ ቀን ሙሉ ይጓዛል። በካርታ ላይ ኹለቱም ጤና ጣቢያ ያላቸው ተብለው ይጻፋሉ።

ሚዛኑ የተለወጠው በፈንጣጣ ዘመቻ ነው። በጥር 1963 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ፈንጣጣን የማጥፋት ሥራ ሲዠመር፥ ከፋን ጨምሮ በደቡብ ምዕራብ ያሉት ጠቅላይ ግዛቶች በሽታው ካለባቸው ስፍራዎች መካከል ነበሩ። በመላው ኢትዮጵያ በዚያ በመጀመሪያው፥ በፈረንጆች 1971 ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ የሚበልጡ ሕሙማን ተገኙ። ይህ ቁጥር የተገለጠው በሽታው በዚያ ዓመት ስለ በዛ አይደለም፤ ከዚያ በፊት ቤት ለቤት ሄዶ የፈለገ ስላልነበረ ነው። ሥራውን በቅርብ ያልተመለከተ ሰው ግን መዝገቡን አይቶ ዘመቻው በሽታ አመጣ ሊል ይችል ነበረ። መልካም ሥራ ሲዠመር ቁጥር የሚከፋበት ጊዜ እንዳለ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የቀድሞው ልማድ የተከተበውን ሰው ብዛት መቍጠር ነበረ። ብዙ አገሮች በሚሊዮን የሚቈጠር ሰው ከትበናል ብለው እየጻፉ ፈንጣጣ ከመካከላቸው አልጠፋም ነበረ፤ ክትባቱ በከተማና በትምህርት ቤት ላለው ሰው ደጋግሞ እየደረሰ፥ በዳር ላለው አንድ ጊዜም ሳይደርስ ይቀር ነበርና። የዓለም የጤና ድርጅት ሰዎች ይህን ካዩ በኋላ ሚዛኑን ገለበጡት። ስንት ሰው ተከተበ ማለትን ወደ ኋላ አድርገው፥ ስንት ሕመምተኛ ቀረ፥ የትስ ነው ያለው ብለው ይጠይቁ ዠመረ። የፈንጣጣ ሕመምተኛ ሥዕል ያለበት ካርቶን ይዘው በገበያ፥ በትምህርት ቤት፥ በመንገድ ላይ እያሳዩ፥ እንዲህ ያለ ሰው አያችኹን? ይሉ ነበረ። ሕመምተኛ በተገኘበት ስፍራ በዙሪያው ያለውን ሰው ኹሉ በባለ ሹካ መርፌ ይከትቡ ነበረ። ከሥራውም በኋላ ሌላ ሰው መጥቶ በክንድ ላይ ያለውን ጠባሳ ይመረምር ነበረ፤ የሠራተኛው መዝገብ ሊዋሽ ይችላል፥ ጠባሳ ግን አይዋሽም።

በዚህ ዓይነት በኢትዮጵያ የመጨረሻው ሕመምተኛ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በኦጋዴን በረሓ ተገኘ። በዓለም ላይ በተፈጥሮ መንገድ የመጣው የመጨረሻው ደግሞ በጥቅምት 1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ታየ። ፈንጣጣ ጠፋ የተባለው ብዙ ሰው ስለ ተከተበ ብቻ አይደለም፤ ፈላጊዎች ዳር እስከ ዳር ሄደው የቀረ በማጣታቸው ነው። ይህ ኹለተኛው ሚዛን የቀረውን መቍጠር ይባላል።

በዚያው ዘመን በሌላው ዓለምም ተመሳሳይ ጥያቄ ይነሣ ነበረ። በደቡብ አፍሪካ በናታል ግዛት ፎሌላ በሚባል ገጠር፥ ሲድኒ ካርክና ሚስቱ ኤሚሊ ካርክ በፈረንጆች 1940 ዓመት አንድ የጤና ማዕከል ከፍተው ነበረ። እነዚህ ሐኪሞች ሕሙማን እስኪመጡ አልጠበቁም፤ በማዕከሉ ዙሪያ ጥቂት ቤቶች ለይተው የእያንዳንዱን ቤት ሰው፥ ምግብ፥ ውሃና ሞት መዘገቡ፤ በየዓመቱም አጠገብ ያለውን ሰፈር ይጨምሩበት ነበረ። አዲስ የተጨመረውን ሰፈር አስቀድሞ ከገባው ጋራ ሲያስተያዩት፥ ሥራቸው ምን እንደ ለወጠ ግልጥ ኾኖ ይታይ ነበረ። ይህን ያየ ጃክ ጋይገር የሚባል አሜሪካዊ ወደ አገሩ ተመልሶ፥ በ1965 በቦስተን ከተማ በኮሎምቢያ ፖይንት ሰፈር፥ ቀጥሎም በሚሲሲፒ ግዛት በማውንድ ባዩ ለድኾች የሰፈር ጤና ማዕከል እንዲቆም አደረገ። በማውንድ ባዩ የነበሩት ሐኪሞች ለተራበ ሕፃን ምግብን እንደ መድኃኒት ያዝዙ ነበረ፤ ጉድጓድም ያስቈፍሩ ነበረ፤ የእርሻ ማኅበርም እንዲቆም ረድተዋል። በ1971 ደግሞ ጁልያን ቱዶር ሃርት የተባለ በዌልስ አገር የድኻ ማዕድን ቈፋሪዎች ሐኪም የነበረ ሰው፥ መልካም ሕክምና እጅግ ለሚያስፈልገው ሰው እጅግ አንሶ ይደርሰዋል የሚል አሳብ ጻፈ። አሳቡ ከዌልስ ይልቅ በከፋ ምድር የሚገለጥ ይመስላል።

በመስከረም 1971 ዓ.ም. መባቻ በሶቪየት አገር በአልማ አታ ከተማ የተሰበሰቡት መንግሥታት፥ ጤና ለኹሉ እንዲደርስ የመጀመሪያ ደረጃ የጤና አገልግሎትን መሠረት ለማድረግ ተስማሙ። ኢትዮጵያም ይህን ተከትላ፥ በየገበሬ ማኅበሩ የተመረጡ የኅብረተሰብ ጤና ወኪሎችን ለጥቂት ወራት እያስተማረች ወደ መንደራቸው መለሰች፤ የልምድ አዋላጆችም ሠልጥነው ነበረ። አሳቡ መልካም ነበረ፤ የሥራው ዋጋ ግን በገበሬ ማኅበሩ ላይ ተጥሎ ነበረ። ማኅበሩ ሲደክም ወኪሉም ደከመ፤ መድኃኒት ሲያልቅበትም የሚተካለት አልነበረም፤ ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ብዙዎቹ ሥራውን ተዉት። በሪፖርት ላይ ግን የሠለጠነው ሰው ብዛት ለብዙ ጊዜ እንደ ሥራው ፍሬ ተቈጥሯል። ያሠለጠኑትን መቍጠር የሰጡትን ከመቍጠርም ያነሰ ሚዛን ነው፤ ዘሩን ገዝቶ ጎተራ ያስገባ ሰው አዝመራ ሰበሰበ አይባልምና።

ከዚህ ኹሉ በኋላ በከፋ የተደረገው ትልቅ የመንደር ሥራ የኦንኮሰርካያሲስ መከላከያ ነው። ይህ በሽታ የወንዝ ዳር ዕውርነት ይባላል፤ የሚያመላልሰውም በፈጣን ወንዝ ውስጥ የሚራባ ጥቁር ዝንብ ነው። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ መኖሩን የጣልያን ሐኪሞች በፈረንጆች 1939 ዓመት ገልጠው ነበረ። በኢትዮጵያ ዐይን ከማጥፋት ይልቅ ቆዳን ማሳከክና ማበላሸት ይበዛበታል፤ የታመመውም ሰው ሌሊት እንቅልፍ፥ ቀን ሥራ ያጣል፤ ቆዳው እንደ ሸመገለ ሰው ይጨማደዳል፥ ከሰው መካከልም ያፍራል። አሳፋሪ በሽታ ደግሞ ከኹሉ በፊት ራሱን ይሸሽጋል።

መድኃኒቱ ኢቨርሜክቲን ነው፤ ሜክቲዛን የሚባለውም ይኸው ነው። የሠራው የመርክ ኩባንያ በፈረንጆች 1987 ዓመት፥ ለዚህ በሽታ የሚያስፈልገውን ያህል ለሚያስፈልገው ጊዜ ኹሉ በነጻ እንደሚሰጥ አስታወቀ፤ ያገኙትም ሊቃውንት ዊልያም ካምቤልና ሳቶሺ ኦሙራ በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ የሚዘዋወረውን ጥቃቅን ትል ይገድላል፤ ዐሥር ዓመትና ከዚያም በላይ የሚኖረውን ትልቁን ትል ግን አይገድልም። ስለዚህ አንድ ጊዜ ሰጥቶ መሄድ አይረባም፤ በየዓመቱ ወይም በዓመት ኹለት ጊዜ ለብዙ ዓመት መስጠት ግድ ነው። በኢትዮጵያ ይህ ሥራ በሕዝቡ ራሱ መሪነት የተዠመረው በከፋና በሸካ በፈረንጆች 2001 ዓመት ነው፤ የካርተር ማዕከልና የላይንስ ክለቦች መንግሥትን ይረዱ ነበረ።

የሥራው አኳኋን ቀላልና ብልኅ ነው። መንደሩ ተሰብስቦ አዳይ ይመርጣል፤ አዳዩ ጥቂት ቀን ይማራል፥ የየቤቱን ሰው በመዝገብ ይጽፋል። ሚዛን ስለሌለ የሰው ቁመት ምልክት ባለበት በትር ይለካል፤ በቁመቱም መጠን እንክብሉ ይሰጠዋል። ከ90 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ሕፃን፥ ነፍሰ ጡር፥ በቅርብ ቀን የወለደች እናትና እጅግ የታመመ ሰው አይወስዱም። አዳዩ ደመወዝ የለውም፤ ዋጋው የጎረቤቱ ምስጋና ነው።

የዚህስ ሥራ መመዘኛው ምን ነበረ? መጀመሪያ የአፍሪካ የኦንኮሰርካያሲስ መቈጣጠሪያ ፕሮግራም ከመንደሩ ነዋሪ ከመቶ 65ቱ መድኃኒቱን ቢወስዱ ይበቃል ይል ነበረ። አሳቡ በሽታውን ከመቈጣጠር ወደ ማጥፋት በተለወጠ ጊዜ ግን 65 እንደማይበቃ ታወቀ፤ ልኩ ወደ 80 ከፍ አለ። ከዚያም የበለጠ ነገር መጣ፤ መድኃኒቱን ማቆም የሚቻለው በአዳዩ መዝገብ ብቻ አይደለም። ዕድሜያቸው ከዐሥር ዓመት በታች የኾነ ሕፃናት ደማቸው ይመረመራል፤ እነርሱ ሥራው ከተዠመረ በኋላ ተወልደው ያደጉ ናቸውና፥ በደማቸው የበሽታው ምልክት ከተገኘ ዝንቡ ዛሬም ትሉን እያመላለሰ ነው ማለት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ያወጣው ወሰን ከሺህ ሕፃናት አንድ እንኳ እንዳይሞላ የሚል ነው። ዝንቡም ተይዞ ይመረመራል። በክንድ ጠባሳ የተዠመረው ሚዛን በሕፃን ደም ጠብታ ተፈጸመ ማለት ይቻላል።

ከ1995 እስከ 1996 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ደግሞ መንግሥት የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ዠመረ። በየቀበሌው፥ ለ5 ሺህ ሰው ያህል፥ አንድ ጤና ኬላ ተሠራ፤ ዐሥረኛ ክፍል የጨረሱና አንድ ዓመት የተማሩ ኹለት ሴቶች ልጆች ተመደቡበት። ከቀድሞዎቹ ወኪሎች የሚለዩት በመንግሥት ደመወዝ በመሥራታቸው ነው። በጥቂት ዓመት ውስጥ በመላው አገር ቁጥራቸው ከ30 ሺህ በለጠ። ሥራቸው በመጀመሪያ በ16 ክፍል የተከፈለ ነበረ፤ ንጽሕና፥ መጸዳጃ፥ ክትባት፥ የእናቶችና የሕፃናት ጤና፥ የወባ መከላከያ በውስጡ አሉበት። የከፋ ቀበሌዎችም በዚህ ሥርዓት ውስጥ ገቡ፤ በጤና ኬላ የማይቻለው ሕመም ወደ ጤና ጣቢያ፥ ከዚያም በቦንጋ ወዳለው ወደ ገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል ይላካል።

የዚህ ሥራ ፍሬ በአገር አቀፍ ጥናት ታይቷል። በ1992 ዓ.ም. በሕይወት ከተወለዱ ከሺህ ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበረ፤ በ1997 ዓ.ም. 123፥ በ2003 ዓ.ም. 88፥ በ2008 ዓ.ም. 67 ኾኑ። ይህ በማናቸውም ዘመን ታሪክ ዘንድ የሚያኰራ ነው። ነገር ግን በዚያው በ2008 ዓ.ም. ጥናት ሌላ ቁጥር አብሮ ይገኛል፤ በከተማ ከመቶ ወሊድ 79ኙ በጤና ተቋም ሲፈጸም፥ በገጠር የተፈጸመው 20 ብቻ ነበረ። ኹለቱን አንድ ላይ አድርጎ ለአገሩ በሙሉ ከመቶ 26 ማለት ሐሰት አይደለም፤ የማንንም ሴት ኑሮ ግን አያሳይም። የከተማዪቱ ሴት ከ26 እጅግ ትበልጣለች፥ የገጠሪቱ ታንሳለች።

ነገሩን በግልጥ ለማየት አንድ መንደር በአሳብ ይሣል። በመንደሩ አንድ ሺህ ሰው አለ፤ 900ው ከብዙው ወገን፥ 100ው በደን ዳር ከተገፋው ወገን ነው። ሥራው ሳይዠመር ከብዙው ወገን ከመቶ 50ው፥ ከጥቂቱ ወገን ከመቶ 20ው መድኃኒት ያገኙ ነበረ። ከሥራው በኋላ ብዙው ወገን ከመቶ 90፥ ጥቂቱ ከመቶ 30 ደረሱ። በመንደሩ ሪፖርት ይህ ከመቶ 47 ወደ 84 ማደግ ነው፤ ከ80 በላይ ስለ ኾነም ሥራው ተፈጸመ ተብሎ ይመሰገናል። በኹለቱ ወገን መካከል የነበረው ልዩነት ግን ከ30 ወደ 60 አድጓል። ኹሉም ተሻሻለ፥ ልዩነቱም ተባዛ፤ ኹለቱም እውነት ነው። በጥቂቱ ወገን ውስጥ ያልወሰዱት 70 ሰዎች ትሉን ይዘው ይኖራሉ፤ ጥቁሩ ዝንብ ደግሞ ወገን አይለይም፤ ከደን ዳር የነከሰውን ወስዶ በመንደሩ መካከል ላለው ይሰጣል። ስለዚህ የተገፋውን ወገን መርሳት ግፍ ብቻ ሳይኾን የራስንም ድካም በራስ እጅ ማፍረስ ነው።

ከዚህ ታሪክ የመንደር ጤና ሥራን የሚመዝን ሰው የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ይገኛሉ። አስቀድሞ፥ ስንት ሰው አለ ተብሎ ነው የተቈጠረው? የመዝገቡ ሕዝብ ቁጥር ያረጀ እንደ ኾነ ከመቶ መቶ ዐሥር ሰው ታከመ የሚል አስቂኝ ነገር ይጻፋል፤ በመዝገቡም ያልተጻፈ ሰው እንዳልታከመ እንኳ አይታወቅም። ኹለተኛ፥ የተቈጠረው የተሰጠው ነው ወይስ የቀረው? ሦስተኛ፥ ከማን ጋራ ተስተያየ? አንድ ሰፈር ከዓምና ዘንድሮ ቢሻለው፥ መንገድ ስለ ወጣ፥ አዝመራ ስለ ያዘ፥ ልጆች ትምህርት ቤት ስለ ገቡ ሊኾን ይችላልና፥ ሥራው ገና ካልደረሰበት ጎረቤት ሰፈር ጋራ ማስተያየት ይገባል፤ የፎሌላ ሐኪሞች ይህን ዐውቀውበታል። አራተኛ፥ ቁጥሩ በሰፈር፥ በወገን፥ በሀብት፥ በወንድና በሴት ተለይቶ ተጻፈ ወይ? አምስተኛ፥ የሚመዝነው ማን ነው? ሠራተኛው የራሱን ሥራ ብቻውን ሲመዝን ደግነቱ እንኳ ወደ ስሕተት ይመራዋል። እነዚያ በየቀበሌው ያሉ ሴቶች ልጆች ቀን በእግራቸው ዞረው ማታ መዝገብ ሲሞሉ፥ ከበላይ የሚጠየቁት ከፍ ያለ ቁጥር ብቻ ከኾነ፥ ቀላሉን ቤት ደጋግመው መጎብኘትና ሩቁን መተው የሚበጃቸው ይኾናል። ጥፋቱ የእነርሱ አይደለም፤ የሚዛኑ ነው።

የከፋን ነገር ከዚህ ላይ መመልከት ያስፈልጋል። አዳዩ ከአንድ ወገን ብቻ የተመረጠ እንደ ኾነና ወደ ማንጆው ቤት መግባት ካፈረ፥ ወይም ማንጆው በተሰበሰበው ሕዝብ መካከል ቀርቦ ከአንድ ብርጭቆ ውሃ መጠጣት እንደማይፈቀድለት ካሰበ፥ እንክብሉ በነጻ ቢመጣም የማይሻገረው ወንዝ አለ ማለት ነው። በዩጋንዳ ሞዘስ ካታባርዋና ባልደረቦቹ ባደረጉት ጥናት፥ አዳዮች በየዘመዳቸው ሰፈር ሲመረጡ ሥራው የተሻለ መኾኑንና ሴቶችም በብዛት መካፈላቸውን አይተዋል። ሰው ከዘመዱ እጅ መድኃኒት መቀበል አያሳፍረውምና። ይህን በከፋ ማድረግ ማለት፥ ከማንጆው መካከል አዳይ እንዲመረጥ፥ ከማንጆዪቱ ልጅም ዐሥረኛ ክፍል የምትጨርስ ተገኝታ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እንድትኾን መንገድ መክፈት ማለት ነው። ይህም ከጤና ኬላ አስቀድሞ በትምህርት ቤት ወንበር የሚዠመር ነገር ነው።

አንዳንድ ሰው ሕዝብን በወገን ለይቶ መቍጠር መለያየትን ያጠነክራል ይላል። ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወገንን ለይቶ የጻፈ መዝገብ በክፉ እጅ ሲገባ ጕዳት ሊያመጣ ይችላል። ነገር ግን መለያየቱን የፈጠረው መዝገቡ አይደለም፤ ከመዝገቡ በፊት በገበታና በደጃፍ ላይ ነበረ። ስም ሳይጠራ በሰፈርና በጤና ኬላው ርቀት ለይቶ መቍጠርም ይቻላል። በምንም ቢኾን ያልተለየ ቁጥር የተገፋውን ሰው ሲሸሽገው ከመግፋቱ ጋራ ይተባበራል።

ከአቡነ ማስያስ ክትባት እስከ ሕፃናቱ የደም ጠብታ ድረስ በከፋ የሠሩት ሰዎች ብዙ ነገር ትተውልናል። መድኃኒቱ ተገኝቷል፤ መንገዱ ተከፍቷል፤ በየቀበሌው ጤና ኬላ ቆሟል። የቀረው ሥራ ከቀድሞው ይልቅ ጥቂት ሰው የሚነካ ነው፤ ያ ጥቂት ሰው ግን ከኹሉ ይልቅ ሩቅ የኾነው ነው። በጥንት ዘመን የከፋን በር ይጠብቅ የነበረው ሰው የልጅ ልጅ ዛሬ በጤና ኬላው በር የሚገባ መኾኑና አለመኾኑ፥ የሥራው ኹሉ መመዘኛ ይኸው ነው። እርሱ ሳይቈጠር የተጻፈ ቁጥር፥ ምንም ያህል ከፍ ቢል፥ በሽታውን እንደ ሸሸገ ሰው ነው፤ መድኃኒቱን አያገኝም።